ኮከብ፣ ፊኛ፣ ወፍ

መስከረም 20 ቀን

ይድረስ ባሕር ተሻግራ የሰው መነጽር ለምትሞርደው ለእህቴ ልጅ፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? ባለሽበት አምላክ ጥላ ይሁንሽ፤ ጥላ የማያስፈልግበት ብርዳም አገር ከሆነም እሳት ይሁንሽ። እኔ ከጉልበቴና ከአለቃዬ በስተቀር ደህና ነኝ።

የላክሽው መነጽር ለእናትሽ ደርሷል። ነጋዴው በጨርቅ ጠቅልሎ፣ እንቁላል እንደያዘ ሰው ቀስ እያለ ነው ያመጣው። እትዬ ዓይኗ ላይ እንዳደረገችው መጀመሪያ ያየችው የእኔን ኮሌታ ነው፤ ቀጥሎ የጎረቤቷን ግድግዳ ስንጥቅ። ከሁለታችንም ጋር እስካሁን አልታረቀችም። ደጇ ላይ ቆማ ከሐይቁ ማዶ የታሰረውን ጀልባ ቀለም ትነግረኛለች። እኔ ጀልባውንም አላየሁት። «ልጄ ዓይን ሠርታ ላከችልኝ» እያለች በየቤቱ ትዞራለች፤ የሰው ቤት አቧራ መቁጠርም ጀምራለች፤ እንግዲህ ለሚመጣው ጠብ ተጠያቂዋ አንቺ ነሽ።

ወንድምሽ ቁንጫ ደህና ነው። ያወጣሽለት ስም አየር ኃይል ድረስ ተከትሎት ገብቷል፤ አዛዦቹ ሳይቀሩ እንደዚያ ይጠሩታል። አመሻሽ ላይ የልምምድ በረራ ሲኖረው በሐይቁ ላይ ያልፍና ልክ በእናትሽ ቤት አናት ክንፉን ግራና ቀኝ ሁለት ጊዜ ይነቀንቃል። ደንብ አይፈቅድም። እትዬም ደጅ ወጥታ መሐረቧን ታውለበልባለች። ድሮ ድምፁን ሰምታ በግምት ነበር፤ አሁን «ፊቱን አየሁት» ትላለች። ውሸቷን ነው፤ ግን ማን ይከራከራታል?

የእኔን ዜና ወደ መጨረሻ ያመጣሁት አፍሬ ነው። ጡረታው የደረሰ ሻለቃ ምን ይደረግ ተብሎ ሲታሰብ ከርሞ አዲስ ክፍል ተሰጠኝ። ስሙ «ማንነታቸው ያልታወቀ የሰማይ አካላት አጣሪ ክፍል» ይባላል። ቀድሞ የሰልፍ ከበሮ ማስቀመጫ ነበር፤ ሁለቱ ከበሮዎች የሚወስዳቸው ጠፍቶ ዛሬም ከጠረጴዛዬ ጎን አሉ፤ እንግዳ ሲመጣ አንዱ ላይ ይቀመጣል። ሰው ቀና ብሎ ያልገባው ብርሃን ባየ ቁጥር ጉዳዩ እኔ ዘንድ ይመጣል። ሄጄ ሰውየውን ባየበት ቦታ፣ ባየበት ሰዓት አቆመዋለሁ፤ እጁን ዘርግቶ በአውራ ጣቱ ያሳየኛል፤ እኔም መልስ እጽፋለሁ። የሚፈቀዱት መልሶች ኮከብ፣ ፊኛ፣ ወፍ ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ የማይገባ ነገር ካጋጠመ ወፍ ነው። «ያልታወቀ» ብሎ መጻፍ ክልክል ነው፤ ሠራዊት አያውቅም አይባልም። በእርግጥ «የራሳችን አውሮፕላን» የሚል አራተኛ መልስም አለ፤ እስካሁን የጻፈው ግን የለም። እሱ ከተጻፈ በደንቡ መሠረት ሌላ ክፍል ተነሥቶ ነገሩን መፈለግ አለበት፤ እኛ ዘንድ ሌላ ክፍል ማስነሣት ሙት ከማስነሣት አይቀልም።

አለቃዬን ሠራተኛው ሁሉ ቆርኪ ይለዋል። የተከፈተ ነገር አይወድም።

ስለዚህ ነገር በስልክ እንዳታነሺብኝ። የመሥሪያ ቤታችን ሰው ስልክ ሦስት ጆሮ አለው፤ የእኔ አንዱ ብቻ ነው። ወረቀትና ነጋዴው ይበቁናል።

ክፉ አይንካሽ።
አጎትሽ

ጥቅምት 26 ቀን

ይድረስ ሰማይን በሦስት ቃል ለሚቋጥሩት ለአጎቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎን ይማርልዎ፤ አለቃዎን እንደ ሐሳብዎ ያድርግልዎ። እኔ ደህና ነኝ።

ዕድገትዎን ሰምቼ ብቻዬን ስስቅ አለቃዬ መጥቶ ምን ያስቅሻል አለኝ። አጎቴ በሰማይ ላይ ተሾመ አልኩት። ከሱ ወዲያ ሁለት ቀን አላናገረኝም፤ ያረፍኩበት ጊዜ ነው። ሥራዬ እንደሚያውቁት ነው፤ ከሱቁ ሥር ባለው ክፍል ውስጥ ማሽኑ ይሽከረከራል፣ ውሃው ይንጠባጠባል፣ እኔ እሞርዳለሁ። ላይ ያሉት ይሸጣሉ። ሰው እንዲያይ የምሠራበት ክፍል ራሱ መስኮት የለውም። አንድ ቀን ይህን ለአለቃዬ ብነግረው «ምን ልታዪበት?» አለኝ።

እማዬ በመነጽሩ ደስ ካላት እኔ ሌላ ምን እፈልጋለሁ? ለእሷ የሞረድኩት ከሥራ ሰዓት ውጭ ነው፤ እንደዚያ ያማረ መስታወት ከእጄ ወጥቶ አያውቅም። አንድ ነገር ግን ልክሰሳት። እዚህ ሰባተኛ ክረምቴ ነው። ጣቴ ደንዝዞ ብሎን የማልይዝበት ወር አለ። እማዬ አንድ ቀን «ይበርድሻል ወይ?» ብላኝ አታውቅም። በደወልኩ ቁጥር «ወንድምሽ እዚያ ላይ ሲወጣ ይበርደው ይሆን?» ትለኛለች። እናት ለወንድ ልጇ ታደላለች የሚባለው እውነት ነው ወይስ እኔ ምድር ላይ ስለምሄድ ነው?

ቁንጫን ሳሙልኝ። ክንፍ መነቅነቁን ይተው፤ ደመወዙን ይቀጡታል በሉት። አይተውም፤ ግን በሉት።

እግዜር ያክብርልኝ።
የእህትዎ ልጅ

ኅዳር 29 ቀን

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ ለእህቴ ልጅ፣

የከበረ ሰላምታዬ ባለሽበት ይድረስሽ። ለጤናሽ እንዴት ነሽ? ሥራሽ እንዴት ነው? አለቃሽ እንዴት ነው? አብራሽ የምትኖረው ልጅ እንዴት ናት? አምላክ በቸርነቱ ሁላችሁንም ይጠብቃችሁ።

እዚህ ሁላችንም ደህና ነን። ወንድምሽ ራቅ ያለ ግዳጅ ላይ ነው ይባላል።

እናትሽ ሁለት ነገር ታስቸግርሻለች። አንደኛ፣ ወፍራም የወንድ ካፖርት ግዥና አንቺ ዘንድ አስቀምጪ። ለማን እንደሆነ አልነገረችኝም፤ ልኩን ግን ነግራኛለች። ትከሻው ሰፋ፣ እጅጌው ረዘም ይበል ብላለች። ሁለተኛ፣ እሑድ እሑድ ሥራ ካልገባሽ ከሩቅ የሚመጡ አውቶቡሶች የሚያራግፉበት ጣቢያ ደረስ በይ። ምን ልታዪ ብዬ ጠየቅኋት። «ሄዳ ትይ» አለችኝ።

መነጽሩን መሳቢያ ውስጥ አስገብታዋለች። አፍንጫዋን አመማት መሰለኝ። አትጨነቂ።

ደብዳቤው አጠረ። መቼም ነጋዴው ቸኩሏል።

አጎትሽ

ታኅሣሥ 24 ቀን

አጎቴ፣

ሰላምታውን ለሌላ ጊዜ ያቆዩልኝ።

እርስዎ «ይባላል» የሚል ቃል የማይወዱ ሰው ነዎት። ልጅ ሆኜ «ዘንዶ አለ ይባላል» ብልዎት «ማን አለ? የት ቆሞ? በስንት ሰዓት?» ብለው ያስለቀሱኝን አልረሳሁም። አሁን ወንድሜ ግዳጅ ላይ ነው ይባላል። ማን አለ?

ስልኩ አይጠራም። እማዬ ስደውልላት ስለ አየሩ ታወራልኛለች። እማዬ ስለ አየር አውርታ አታውቅም። ካፖርት ሰው ባለበት ነው የሚለበሰው፤ እኔ ዘንድ ማን ሊመጣ ነው? በቀጥታ ይጻፉልኝ። ባሕር ማዶ ያለ ሰው ክፉ ወሬን እንደማይችል ማን ነገራችሁ? እኛ ከዚያ ሌላ የሚደርሰን ነገር የለም።

መነጽሩስ? አፍንጫዋን ያመማት ከሆነ ክፈፉን በሙቅ ውሃ ለስለስ አድርጎ ማስፋት ይቻላል። ራሷን የሚያማት ከሆነ ግን ጥፋቱ የእኔ ነው፤ የመስታወቱ መሐል ከዓይኗ መሐል አልገጠመም ማለት ነው፤ ያን ጊዜ የሩቁ ነገር ይደረብባታል። እባክዎ በደንብ ይጠይቁልኝ፤ የሩቅ ነገር ስታይ ምን ይሆናል? እስከዚያው ሌላ ሞርጄ በዚሁ ሰው ልኬያለሁ።

የእህትዎ ልጅ

ጥር 19 ቀን

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፣

ተቀመጪና አንብቢው።

ወንድምሽ ኅዳር ሲገባ አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ብቻውን ተነሣ፤ አልተመለሰም። በማግስቱ አልተገኘም አሉ። ሳምንት ሳይሞላ አውሮፕላኑን ይዞ ድንበር ተሻግሮ ከዳ አሉ። ፍለጋ አልተደረገም፤ የከዳ ሰው ይረገማል እንጂ አይፈለግም። ደመወዙ ቆመ። የእናትሽ ጎረቤቶች ሰላምታቸው በአገጭ ሆነ። ዳቦ ሻጩ ዳቦውን ባንኮኒው ላይ ገፍቶ ይሰጣታል እንጂ እጇ ላይ አያስቀምጥም። ይህን ሁሉ ሳልጽፍልሽ የከረምኩት ነገ ይገኛል እያልኩ ነው። ነገ እያልኩ ታኅሣሥ አለቀ።

አሁን ደግሞ የባሰውን ስሚ። አንድ የጥርስ ሐኪም ከሚስቱ ጋር ለዕረፍት ሐይቁ ዳር ሄዶ ነበር። የዚያን ቀን አመሻሽ አንድ ብርሃን ከሰማይ ወርዶ ውሃው ውስጥ ሲገባ አየን ብለው ለፖሊስ አመለከቱ። ያልታወቀ ብርሃን ነውና ጉዳዩ ዞሮ ዞሮ ወደ እኔ መጣ። ቆርኪ ገጹን ሳይገልጥ ጠረጴዛዬ ላይ ጣለልኝ። አብራሪው የእህቴ ልጅ መሆኑን አያውቅም። እኛ ዘንድ ሰው በአባቱ ይጠራል፤ በእናት በኩል የመጣ አጎት በመዝገብ ላይ አይታይም።

ሐኪሙ ክሊኒክ ሄድኩ። የደንብ ልብሴን ሲያይ ምላሱ ታሰረ። ኋላ ጠጋ ብሎ «እኔ የማወራው ከታካሚ ጋር ብቻ ነው፤ ታካሚ ካልሆኑ ተራ የሚጠብቅ ሰው አለ» አለኝ። ምን ላድርግ? ወንበሩ ላይ ወጣሁ። አፌን አስከፍቶ ግራና ቀኝ ጥጥ ጎሰጎሰብኝ፤ መስተዋቷን አስገባ፤ ያን ጊዜ ማውራት ጀመረ። ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ስመረምር፣ መርማሪው አፉ ተወትፎ ተመርማሪው እንደ ልቡ ያወራበት ይህ ብቻ ነው። ለሌሎቹም እንዲህ አድርገን ቢሆን ኖሮ ብዙ እናውቅ ነበር።

ብርሃኑ ነጭ ነበር አለ። ሚስቱ ከበሩ ላይ መቆንጠጫ እያጠበች «ለባሌ ይንገሩልኝ፤ ብርቱካንማ ነው» አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚህ ተኳርፈው የሚነጋገሩት በታካሚ በኩል ነው። ሁለት ምስክር ካልተስማማ ደግሞ በእኛ ደንብ ምስክር እንደሌለ ይቆጠራል። ልቤ ወረደ፤ ወይም ቀለለኝ፤ የትኛው እንደሆነ እንጃ።

በአንድ ነገር ግን ተስማሙ።

«ከመውረዱ በፊት ግራና ቀኝ ተነቀነቀ» አለ ሐኪሙ። «ሁለት ጊዜ። አይሆንም እንደሚል ሰው።»

«አይደለም» አለች ሚስቱ፤ የዚያን ጊዜ በቀጥታ ለእሱ ነው የተናገረችው። «ሰላም እንደሚል ሰው ነው።»

ሐኪሙ ዓይኔን አይቶ «አመመዎት?» አለኝ። ራሴን ነቀነቅሁ። ጥርሴ ደህና ነበር፤ ለማንኛውም ግን አንዱን ሞላልኝ።

ከዚያ በቀጥታ እናትሽ ዘንድ ሄድኩ። ለደንቡ ስል እሷንም መጠየቅ ነበረብኝ። ያን ቀን ደጅ ነበርሽ ወይ ብላት ነበርኩ አለች። ምን አየሽ አልኳት። መነጽር አላደረግሁም ነበር አለች። ቆይታ ምን ብለህ ልትጽፍ ነው አለችኝ። ሥራዬን አስረዳኋት፤ ኮከብ ካልኩ ነገሩ ይዘጋል፣ አውሮፕላን ካልኩ ሐይቁ ይበረበራል።

«ኮከብ ነው በል» አለች።

«እትዬ፣ ኮከብ ካልኩ እኮ ልጅሽ ከሃዲ ሆኖ መቅረቱ ነው።»

«ይቅር» አለች። «ከሃዲ ይበላል፤ ከሃዲ ይጠጣል። ቢበዛ ብርድ ይመታዋል።»

ካፖርቱ ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ፤ አንቺ ሳትቀድሚኝ አትቀሪም።

በማግስቱ ቆርኪ ጠርቶኝ ያ የሐይቁ ጉዳይ ኮከብ መሆኑን ነገረኝ። እህቴና አለቃዬ በአንድ ሐሳብ ሲስማሙ ዕድሜዬን ሙሉ ያየሁት በዚህ ብቻ ነው። የእሱን ምክንያት አልጽፍልሽም። አውሮፕላኑ በዕድሜ ከእኔ ብዙም እንደማያንስ፣ መለዋወጫውን ማን ከየት እንደገዛው የሚያውቅ ሰው መሥሪያ ቤቱ ሞልቷል። የሚናገር የለም። ጥርስ ሐኪም ዘንድ ስለማይሄዱ ይሆናል።

የካቲት ሳይወጣ መልስ መጻፍ አለብኝ። ሰማዩን በዚያ ሰዓት፣ በዚያ አቅጣጫ ቆሜ አይቻለሁ፤ የምሽቱ ኮከብ በእርግጥ እዚያ ነው። ኮከብ ብዬ ብጽፍ ማንም ሐሰት ነው አይለኝም። የእናትሽን ቃል ሰምቻለሁ። የእህትነትን ቃል ደግሞ ካንቺ እጠብቃለሁ።

አምላክ ያጽናሽ።
አጎትሽ

የካቲት 3 ቀን

አጎቴ፣

ክንፍ ከነበረው ክንፍ ነበረው ብለው ይጻፉ።

ቁንጫ መዝለል እንጂ መሸሽ አያውቅም። ጎረቤት ጥሎበት የሄደውን ድስት እንኳ «የሰው ንብረት ነው» ብሎ ከነክዳኑ መልሶ የሚያደርስ ልጅ የመንግሥት አውሮፕላን ይዞ ይጠፋል? እናቴ ዳቦ መግዛት አለባት። ዳቦውን እጇ ላይ ያስቀምጡላት። ወንድሜ ውሃ ውስጥ ከሆነ ያውጡት፤ ብቻውን አይተዉት። እማዬ የምትለውን እኔ አውቃለሁ፤ ጊዜ ሲያልፍ እሷም ታመሰግንዎታለች።

ካፖርቱን ገዝቻለሁ። ለምን ብለው አይጠይቁኝ። ቅናሽ ነበር።

የእህትዎ ልጅ

የካቲት 24 ቀን

ይድረስ ለአጎቴ፣

እንደምን አሉ? ይህ ደብዳቤ ካለፈው ቀድሞ ቢደርስዎ ምንኛ ደስ ባለኝ።

ካፖርቱን በር ኋላ ሰቅዬዋለሁ። አብራኝ የምትኖረው ልጅ መጀመሪያ ቀን ሰው መስሏት ጮኸች፤ አሁን ለምዳዋለች፤ ስትወጣ «ቤቱን አደራ» ትለዋለች። ታጣፊ አልጋም ገዛሁ። ማንም አላዘዘኝም። ክፍሉ ጠቦ በጎን ነው የምንተላለፈው።

ጣቢያውም እሑድ እሑድ እሄዳለሁ። እማዬ አደራ ስላለችኝ ነው እያልኩ ነበር፤ አሁን ከሰኞ ጀምሮ እሑድን የምጠብቀው እኔው ነኝ። ባለፈው አንድ ሰው ከኋላው አየሁ። አንገቱ የቁንጫ አንገት ነው። ሲሳፈር ተሳፈርኩ፤ ሦስት ፌርማታ ተከተልኩት፤ ዞር ሲል የአባቴ እኩያ ሆኖ አረፈው። ይቅርታ ጠይቄ ወረድኩ፤ በእግሬ ተመለስኩ፤ መንገዱን ሙሉ ደስ ይለኛል። ለምን ደስ እንደሚለኝ ቤት እስክገባ አልገባኝም ነበር። ለካ ዛሬ ያልተገኘ ሰው በሚቀጥለው እሑድም ይፈለጋል።

አጎቴ፣ እማዬ ልክ ናት። ኮከብ ይሁን። ኮከብ ከሆነ የሚሞት የለም። ይርገሙት፤ እርግማን ሰው አይገድልም። ዳቦውን እኔ ከዚህ እልክላታለሁ። ያለፈውን ደብዳቤዬን እንዳልተጻፈ ያድርጉልኝ።

ነጋዴው ነገ ይነሣል። እንዳይዘገይ ለምኜዋለሁ።

የእህትዎ ልጅ

የካቲት 30 ቀን

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ። የካቲት 3 የጻፍሽው በሌላ መንገደኛ ፈጥኖ ደረሰኝ። አጭርና ቀጥ ያለ ነበር፤ ደፋር ያደርጋል። ከሱ ወዲህ ካንቺ የመጣ የለም፤ ነጋዴውም አልተመለሰም።

ትናንት ጻፍኩ። «የራሳችን አውሮፕላን» አልኩ። አንዱን ቅጂ በደንቡ መሠረት ለፍለጋ ክፍል በቀጥታ ላክሁ፤ ሌላውን ይዤ ቆርኪ ዘንድ ገባሁ። ቁጭ በል አላለኝም። ሁለት ጊዜ አነበበው።

«ሻለቃ፣ ይህ ኮከብ ነው።»

«ጌታዬ፣ ኮከብ ሰላም አይልም» አልኩት።

ማን ነገረህ አለኝ። የጥርስ ሐኪሜ አልኩት። ቀልድ መስሎት ለመሳቅ አፉን ከፈተ፤ ከዚያ ሌላው ቅጂ የት እንዳለ ጠየቀኝ። ነገርኩት። ከዚያ ወዲያ ያለውን ንግግር ለአንቺ አልጽፈውም፤ ያደግሽበት ቤት ጨዋ ነው።

ለእናትሽ ራሴ ሄጄ ነገርኳት። ሰምታኝ ተነሥታ ገባች፤ በሩን በቀስታ ዘጋችው። ብታላጋው ይሻለኝ ነበር።

እንዳልሽው አድርጌያለሁ። አምላክ ይርዳን።

አጎትሽ

ሚያዝያ 22 ቀን

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፣

ወንድምሽ ተገኝቷል። ሐይቁ እንደሚሉት ጥልቅ አልነበረም። መቀመጫው ላይ ነበር፤ ቀበቶው እንደታሰረ፤ የትም አልሄደም። ያለፈው ሳምንት ቀበርነው። መቶ አለቃ ሆኖ ተነሥቶ ሻምበል ሆኖ ተቀበረ፤ ሹመቱ በፍጥነት ከመጣባቸው ጥቂት ሰዎች አንዱ ነው። ጎረቤቱ ሁሉ ወጣ። ዳቦ ሻጩ ከሁሉ አስበልጦ አለቀሰ።

ቆርኪ ወደ ሰፊ ቢሮ ተዛውሯል። እኔ ጡረታ ወጥቻለሁ። ከበሮዎቹ ክፍላቸውን መልሰው አግኝተዋል።

የካቲት 24 የጻፍሽው ደብዳቤ በቀብሩ ማግስት እጄ ገባ። ነጋዴው ዕቃው ጉምሩክ ተይዞበት ወሩን ሙሉ እዚያው በር ላይ ከርሞ ነበር፤ ደብዳቤሽም በኪሱ። ምን ልበልሽ? አንብቤዋለሁ። ለእናትሽ አላነበብኩላትም። አንቺም ራስሽን አትውቀሺ፤ እጁ የእኔ ነው የጻፈው።

እናትሽ ከየካቲት ጀምሮ አንድ ቃል አላናገረችኝም ነበር፤ መቃብሩ ላይ እንኳ ጎን ለጎን ቆመን። ዛሬ ረፋዱ ላይ ሳላስበው መጣች። ወንበሩን ራሷ ስባ ተቀመጠች። «ወረቀት አምጣ» አለች፤ «እኔ የምልህን ብቻ ጻፍ፤ ካንተ የሚጨመር የለም።» የሚከተለው የእሷ ነው።

«ልጄ፣ እኔ ደህና ነኝ። መነጽር መላኩን ተዪ፤ ሁለተኛውም አያስፈልግም ነበር። የመጀመሪያው ምንም አልሆነም። መሐሉም ከመሐሉ ገጥሟል፤ የሩቁም አይደረብብኝም። ያን ቀን ዓይኔ ላይ ነበር። ለአጎትሽ አላደረግሁም ያልኩት ዋሽቼ ነው። ክንፉን ሲነቀንቅልኝ አይቼዋለሁ። መሐረቤን አውለብልቤለታለሁ። ከዚያ ወዲያ ያለውንም አይቻለሁ። መነጽርሽ ባይኖር ኖሮ ኮከብ ነበር። ይህን ስልሽ ልወቅስሽ አይደለም፤ ሰላምታውንም ያሳየኝ እሱው ነው። አጎትሽንም አትቀየሚው፤ እኔ ትንሽ ጊዜ ነበር የፈለግሁት። እሑድ እሑድ ጣቢያው መሄዱ ይቅርብሽ። ካፖርቱን ለሰው እንዳትሰጪ። አንቺ ልበሺው። እዚያ ይበርዳል አሉ።»

ይኸው ነው። የጨመርኩት የለም።

አጎትሽ

ግንቦት 21 ቀን

ይድረስ ለእናቴ፤ በአጎቴ እጅ፣

አጎቴ፣ እባክዎ ቀስ ብለው ያንብቡላት።

እማዬ፣ ለብሼዋለሁ። ትከሻው ይሰፋኛል፤ እጅጌው ረዝሞ ጣቶቼን ይሸፍናቸዋል። ሁለት ጊዜ አጥፌዋለሁ። እዚህ አሁን ሞቋል፤ ሰው ሁሉ በሸሚዝ ነው፤ መንገድ ላይ ዞር ዞር እያሉ ያዩኛል።

ትናንት ከማሽኑ ፊት ስቀመጥ አለቃዬ መጣና ምን ሆነሽ ነው በዚህ ሙቀት፣ አውልቂው እንጂ አለኝ። ይበርደኛል አልኩት። የታለ ብርዱ፣ ማን ነው ይበርዳል ያለሽ አለኝ።

እናቴ ናት አልኩት።